የባዶው ቴፕ ሐራጅ

በመሥሪያ ቤታችን «ነፋስ ገዢዋ» ነበር የምባለው። ስሙን ያወጣልኝ የሒሳብ ክፍሉ ገንዘብ ያዥ ነው። እሱ ለሳቅ ያህል ጀመረው፣ ሌሎቹ ተቀበሉት፤ እኔም መጀመሪያ ደም ሥሬ እስኪገተር ተናደድኩ፣ ኋላ ግን ለመድኩት። ሥራዬ መንግሥት ለኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚያወጣውን ገንዘብ መቆጣጠር ነበር። ዛሬ ልጁም አዋቂውም ሶፍትዌር የሚለውን ማለቴ ነው። የበጀት ክፍል ባልደረቦቼ ጎማና ናፍጣ፣ ወረቀትና የጽሕፈት መኪና ሪባን ሲቆጣጠሩ፣ እኔ ማንም በዐይኑ ያላየውን ነገር ለምን ተከራየን፣ ዘንድሮስ ያስፈልገናል ወይ እያልኩ ስከራከር እውላለሁ። ሰው ቢስቅብኝ አይፈረድበትም።

ዘመኑ ደርግ ነው። መሥሪያ ቤታችን ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነበር። ከሕንፃው ጀርባ ወደ ገርጂ በኩል ሰፊ ሜዳ ተዘርግቶ፣ ክረምት ሊወጣ ሲል የገበሬዎቹ ገብስ ከቢሮዬ መስኮት ይታየኝ ነበር። ኮምፒዩተሩ ምድር ቤት አንድ ሙሉ ክፍል ይዟል። ክፍሉ ቀን ከሌት ይቀዘቅዛል፤ አቧራ እንዳይገባ ተብሎም ማንም ሰው፣ ሚኒስትርም ቢሆን፣ በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ነጠላ ጫማ ያጠልቃል። ብዙ ትልልቅ ሰዎች ካልሲያቸው ተቀዶ ያየሁት እዚያ በር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ ሲቆጡኝ ብዙም አልፈራቸውም ነበር።

የሁሉንም ሠራተኛ ደሞዝ የሚሠራልን ፕሮግራም የራሳችን አልነበረም። ከውጭ አገር ኩባንያ የተከራየነው ነው። በቴፕ ተጠቅልሎ በአውሮፕላን መጣ፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ኪራይ በውጭ ምንዛሪ እንከፍልበታለን። ያኔ የውጭ ምንዛሪ ማለት መድኃኒት ነው፣ መለዋወጫ ነው፣ ነዳጅ ነው። መኪና ያለው ሰው በኩፖን ቤንዚን በሚቀዳበት አገር፣ እኔ በየዓመቱ ለዚህ ቴፕ ምንዛሪ ይፈቀድልን ብዬ ስማጸን እውላለሁ። ኋላ ግን ኮምፒዩተር ክፍል ያሉት ልጆች ራሳቸው የደሞዝ ፕሮግራም ጻፉ። ለወራት ከውጭው ጋር ጎን ለጎን አስኬዱት፤ ሠራተኛው ደሞዙን በልኩ አገኘ። እኔም የኪራዩ ውል ይቋረጥ ብዬ ጻፍኩ፣ ተፈቀደልኝ። ሥራ ከያዝኩ ወዲህ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ ዛሬም ቢሆን ትክክል እንደ ነበርኩ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ውሉ ግን አንድ ግዴታ ነበረበት። ኪራዩን ያቋረጠ ሰው ፕሮግራሙን ከቴፑ ላይ ሰርዞ፣ መሰረዙንም በሁለት ሰዎች ፊርማ አረጋግጦ ለኩባንያው ማሳወቅ አለበት። ደብዳቤው የውሉ ዓመት ሳያልቅ ካልደረሰ ኪራዩ በራሱ ጊዜ ለሚቀጥለው ዓመት ይታደሳል። ለእኔ ቀላል ነገር መስሎ ታየኝ። ቴፑን ማምጣት፣ ማጥፋት፣ መፈረም። ቴፑ በማን እጅ እንዳለ አስቤበት እንኳ አላውቅም ነበር።

ቴፑ ያለው በዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ እጅ ነው። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። በልጅነታቸው ከቡታጅራ ወዲያ ካለ አገር መጥተው፣ ቀን ሠራተኛ ሆነው ጀምረው፣ በንጉሡ ጊዜ ግምጃ ቤት የገቡ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። የቀትር ሶላታቸውን ከጎማው ክምር ጀርባ ይሰግዱና ፊታቸውን እየጠረጉ ወደ መስኮታቸው ይመለሳሉ። አንድ እስክሪብቶ ለመቀበል ሦስት ፊርማ ስለሚጠይቁ ወጣቶቹ ያማርሯቸዋል። እኔ ደግሞ እወዳቸው ነበር፤ ሁለታችንም በመንግሥት ዕቃ የምንጨቀጭቅ ሰዎች ስለሆንን ይመስለኛል።

ፕሮግራም ግምጃ ቤት ምን ያደርጋል የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ደንብ፣ መንግሥት ገንዘብ የከፈለበት ነገር ሁሉ ሞዴል 19 በሚባለው ደረሰኝ ገቢ ይሆናል፤ ያለዚያ ሒሳብ ክፍል ከፋዩን እጁን ይይዘዋል። ግምጃ ቤቱ ፈርሞ ይቀበላል፣ ከዚያ ለሚሠራበት ክፍል በሞዴል 22 ወጪ ያደርጋል፣ የዕቃው ኃላፊነትም ከፈራሚ ወደ ፈራሚ ይሄዳል። ቴፑ መጀመሪያ ሲመጣ፣ እኔ ከመቀጠሬ በፊት፣ የኩባንያው ክፍያ እንዳይዘገይ ተብሎ ጋሼን አስፈረሟቸው። የጻፉትም «ፕሮግራም፣ ብዛት አንድ» ብለው፣ ከጎኑም የዓመቱን ኪራይ እንዳለ የዕቃው ዋጋ አድርገው ነው። ከዚያ የኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ በሞዴል 22 ተረከብ ሲባል እምቢ አለ። እጄ የሚገባው አንድ ቴፕ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ዋጋ ግን ሁለት መኪና ይገዛል፣ ነገ ቢበላሽ ዕድሜ ልኬን ልከፍል ነው ወይ አለ። እሱም አልተሳሳተም። ስለዚህ ፕሮግራሙ በጋሼ ስም ቀረ።

እንግዲህ ጋሼ ያን ቴፕ በብረት ቁም ሳጥን ቆልፈው ያስቀምጡታል። ወሩ አልቆ የደሞዝ ቀን ሲደርስ ራሳቸው ያወጡትና፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ግቢውን አቋርጠው ኮምፒዩተር ክፍል ድረስ ይወስዱታል። ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ። ልጆቹ ቴፑን ማሽኑ ላይ ሰክተው ሥራቸውን እስኪጨርሱ፣ ጋሼ ጥግ ይዘው ወንበር ላይ እጃቸውን አጣምረው በብርድ ይጠብቃሉ። ከዚያ ተቀብለው ይመለሳሉ። በዓለም ላይ ሶፍትዌርን እንዲህ አድርጎ የጠበቀ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልጆቹ ይስቁባቸው ነበር፤ እኔ ግን አንጀቴን ይበሉኝ ነበር፤ ያልገባቸውን ነገር በፊርማቸው ተሸክመውታልና።

ቴፑን ለማስሰረዝ ወደ ግምጃ ቤቱ የወረድኩ ዕለት ጋሼ በሥራ ተወጥረው አገኘኋቸው። ጡረታቸው ደርሶ ርክክብ ላይ ናቸው። አንድ ወጣት ተረካቢ አጠገባቸው ቆሞ፣ ያለውን ዕቃ እያነሳ እያየ ይቀበላቸዋል። የመጣሁበትን ስነግራቸው ጋሼ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ መልካም፣ ይሰረዝ አሉ። ተረካቢው ግን ጆሮውን አቁሞ ሰማኝ። ከተሰረዘ በኋላ ምን ይቀራል ብሎ ጠየቀኝ። ባዶ ቴፕ ይቀራል አልኩት። እንግዲያውስ ባዶ ቴፕ በሁለት መኪና ዋጋ አልረከብም አለ። ልጁን ልቆጣው ቃጣኝ፤ ግን በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አልረከብም።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ቴፑ ካልተሰረዘ አገሪቱ ለማትጠቀምበት ነገር ሌላ የዓመት ምንዛሪ ትከፍላለች። ቴፑ ከተሰረዘ ጋሼ የሚያስረክቡት የላቸውም፤ ዕቃ ያላስረከበ ደግሞ ከዕዳ ነፃ ነው የሚል ክሊራንስ አያገኝም፣ ክሊራንስ የሌለው ጡረታው አይወጣለትም። የጋሼ መተዳደሪያ እሱ ብቻ ነው። ከባለቤታቸው ጋር ገርጂ አጠገብ አንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ ልጆቻቸው በየፊናቸው ሄደዋል፣ አንደኛው ደግሞ ከግንባር ሳይመለስ ቀርቷል። ከጡረታውም የባሰ ነገር አለ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ንብረት ጎደለበት የተባለ ሰው «አሻጥረኛ» ከመባል ብዙም አይርቅም፤ አሻጥረኛ የተባለውም ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ምንዛሪ የቆጠብኩበትን ወረቀት ሳየው ኩራቴ ሁሉ ጠፋ።

ጉዳዩ ወደ ንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ሄደ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ካኪ ከላዩ የማይለይ፣ በየሰኞው የውይይት ክበብም መሪያችን የሆነ ጓድ ነው። መመሪያ ሲያነብ ጣቱን ከመስመሩ ላይ አያነሳም። ከሰው ጋር አይስቅም። ስሙ ሲጠራ ሲጋራችንን የምናጠፋ ሰዎች ነበርን። ጋሼና እኔ ተጠራን፤ ጋሼ ኮታቸውን ቆልፈው መጥተው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ።

እኔ ተነሥቼ የማውቀውን ሁሉ አስረዳሁ። ይህ ዕቃ አይደለም አልኩ። መንግሥት የከፈለው ለመገልገያ ነው፤ የቀበሌ ቤት እንደሚከራይ ሰው። ኪራይ ከፍለን ኖርንበት፣ አሁን ለቀቅን፤ ሲለቅ ቤቱን ተሸክሞ የሚሄድ የለም። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ተቀመጥኩ። ሊቀ መንበሩ ቀና ሳይል ወረቀቱን አየና፣

«የቀበሌ ቤት የተከራየ ሰው ቤቱን በሞዴል 19 ገቢ አያደርግም፣ ጓዲት» አለኝ።

የተናገረው እውነት ነው፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሮ እርስዎስ ምን ይላሉ አላቸው። ጋሼ ብድግ ብለው፣ የተረከብኩትን እንዳለ አስረክባለሁ፣ ያልተረከብኩትን ግን ከየት አመጣለሁ ብለው ተቀመጡ። ያኔ ሊቀ መንበሩን ትኩር ብዬ ስመለከተው፣ ጣቱ መመሪያው ላይ እንዳለ ነው፤ ግን ገጽ እየገለጠ ነበር። ሊያጠምዳቸው የሚፈልግ ሰው አንዲት አንቀጽ ትበቃዋለች። እሱ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት እያለ መውጫ የሚፈልግላቸው መሰለኝ። በመጨረሻ ድምፁን ሳይለውጥ ተናገረ። ንብረት ከመዝገብ የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው አለ፤ ወይ በርክክብ፣ ወይ በሐራጅ። በሐራጅ ከተሸጠ ያወጣው ዋጋ ምንም ይሁን ምን ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ከሦስት ወር በፊት የተሸጠው ፒካፕም የተገዛበትን ዋጋ አላወጣም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ይሰረዝ፣ ቴፑ ከአሮጌው ዕቃ ጋር ለሐራጅ ይቅረብ። ገዢ ካገኘ ግምጃ ቤቱ ነፃ ነው። ገዢ ካላገኘ ተመልሶ ግምጃ ቤት ይገባል፣ በስማቸውም ይቆያል።

ባዶ ቴፕ ማን ይገዛል? ይህን ጥያቄ ማንም አላነሳውም። ሁላችንም ግን እያሰብነው ወጣን።

ቴፑን የሰረዝንበት ቀን ጋሼ ራሳቸው ይዘውት መጡ። እኔ ለመፈረም እጄ ከብዶኝ ነበር። ገዢ እስኪገኝ ብንጠብቅስ አልኳቸው፤ የውሉ ዓመት ሊያልቅ የቀረው ግን ትንሽ ነው። እሳቸው «አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ ልጄ» አሉኝ። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ልጆቹ ቴፑን ሰኩት፣ ማሽኑ እየጮኸ አዞረው፣ ቆመ። በቃ። ያ ሁሉ ምንዛሪ የፈሰሰበት ነገር አንድ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ጠፋ። ጋሼ ቴፑን ተቀብለው ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑት። ያው ነው። ምን ወጣ ብለው ጠየቁኝ። እንደ ሰሌዳ ተጠረገ አልኳቸው።

«ሰሌዳ ሲጠረግ እንኳ ጠመኔው እጅ ላይ ይቀራል» አሉ፣ መዳፋቸውን እያዩ።

የመሰረዙን ደብዳቤ ከኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ ጋር ፈርመን ላክን። ጋሼ ቴፑን ይዘው ወጡ፤ እስከ ሐራጁ ድረስ በዚያው በብረት ቁም ሳጥን ቆለፉበት። ባዶ ነው፣ ምን ያደርጋል ብላቸው፣ የመዝገብ ቁጥሩ አሁንም በስሜ ነው አሉኝ።

የሐራጁ ቀን ግቢያችን ሰው ሞላው። ከመርካቶ የመጡ የጎማ ነጋዴዎች አሉ፣ ጋራዥ ያላቸው አሉ፣ ጆንያ የያዙ ቆራሌዎችም አሉ። እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች፣ ያለቀ ጎማ፣ ፊደሉ የረገፈ የጽሕፈት መኪና፣ የዛገ ቁም ሳጥን ሣሩ ላይ ተደርድሯል። ጋሼ ከዕቃው ጎን ቆመዋል፤ የሁሉም አስረካቢ እሳቸው ናቸው። እኔ ከጽሕፈት ክፍሏ ባልደረባዬ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጬ እመለከታለሁ። እሷ የጋሼ የሽኝት መዋጮ ሰብሳቢ ነበረች። ከዘበኛ እስከ ሥራ አስኪያጅ ያላዋጣ የለም፤ ሬዲዮ ልንገዛላቸው አስበን ገንዘቡ በቦርሳዋ ነው። ሐራጁ እንዳለቀ ፒያሳ ሄደን ልንመርጥ ተቀጣጥረናል።

ወንበሮቹ ተሸጡ። ጎማው ተሻሙበት። ቁም ሳጥኑ ሳይቀር ሄደ። መጨረሻ ላይ ሊቀ መንበሩ ቴፑን አንሥቶ፣ መመሪያው እንደሚያዘው የዕቃውን ስም ጮክ ብሎ አነበበ፤ ፕሮግራም፣ የተሰረዘ፣ ብዛት አንድ። አንዱ ቆራሌ ከት ብሎ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ሊቀ መንበሩ ሳይስቅ መነሻ ዋጋ ጠራ። ማንም የለም። ዝቅ አደረገው። ማንም የለም። አንዳንዶቹ የገዙትን እየተሸከሙ ወደ በሩ ማምራት ጀምረዋል። ጋሼን አየኋቸው። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ የኮታቸውን ቁልፍ ግን እየቆለፉ እየፈቱ ነበር።

በዚህ መሃል ከጎማ ነጋዴዎቹ አንዱ እጁን አነሣ። የውጭ ዕቃ ነው፣ መያዣው ያምራል፣ የመንግሥት ሰዎችም እንዲህ በክብር ይዘውታልና አንዳች ነገር ቢኖረው ነው ብሎ ሳይገምት አልቀረም። ባልደረባዬ ክንዴን ጨበጠችኝ። ሊቀ መንበሩ አንደኛ ብሎ ጠራ። ሁለተኛ ብሎ ሊጠራ ሲል ጋሼ ከቆሙበት ተነቃነቁ። በዝግታ ሄደው ነጋዴው ፊት ቆሙ።

«ወንድሜ፣ ውስጡ ምንም የለም» አሉት። «ተጠርጎ ነው የቀረበው። ኋላ እንዳታዝንብኝ።»

ነጋዴው አያቸው፣ ቴፑን አየ፣ እጁን አወረደ። እግዜር ይስጥልኝ አባቴ ብሎ ጎማውን እያንከባለለ ሄደ።

እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ሰዓት ጋሼን ልመታቸው ነበር የቃጣኝ። ነፃ ሊያወጣቸው የመጣውን ሰው በገዛ አፋቸው መለሱት። ለእሳቸው የጡረታ ነገር ነው፣ የስማቸው ነገር ነው፣ ለነጋዴው ግን ከአንድ ቀን ትርፍ የማይበልጥ ገንዘብ ነው። ምን ነበረበት ዝም ቢሉ? እሳቸው ግን ወደ ቦታቸው ተመልሰው፣ እንደ ቀድሞው ቆመው፣ ሊቀ መንበሩ ዕቃውን ወደ ግምጃ ቤት ይመለስ እስኪላቸው ይጠብቃሉ።

ባልደረባዬን ቀና ብዬ አየኋት። እሷም እያየችኝ ነው። ሁለታችንም ስለ ምን እንደምናስብ መነጋገር አላስፈለገንም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፈተች፣ ተነሣች፣ እጇን አነሣች። ዝቅ የተደረገውን መነሻ ዋጋ ጠራች። ሊቀ መንበሩ በማን ስም ነው አላት። በሠራተኞች መዋጮ ስም አለችው። መዋጮው ለምን እንደሆነ እሱም ያውቃል፤ እሱም አዋጥቷል። መመሪያውን ገለጠ፣ ጣቱን ከላይ እስከ ታች ነዳው፣ ከዚያ መልሶ ዘጋው።

«ሠራተኛ እንዳይጫረት የሚከለክል አንቀጽ የለም» አለ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። ሌላ ጊዜ እንደዚያ ፈጥኖ ሲጠራ አልሰማሁትም።

ቃለ ጉባኤው ተፈረመ፣ ቴፑ ከመዝገብ ወጣ፣ ተረካቢው የቀረውን ዕቃ ያለ አንዳች ክርክር ተቀበለ። ክሊራንሱ ላይ የበጀት ክፍል ፊርማ ሲደርስ እኔ ነኝ የፈረምኩት፤ ስሜን ከወትሮው አሳምሬ ጻፍኩት። ጋሼ ግን ስለ መዋጮው የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ሴቶቹ ለቢሯቸው ፈልገውት ገዙት ብለው ነበር ያሰቡት።

ሽኝቱ በመሥሪያ ቤቱ ካፌ ውስጥ ነበር፤ ለስላሳና ዳቦ፣ ትንሽ ኬክ። ከሐራጁ የተረፈው ገንዘብ ሬዲዮ አይገዛም፤ ለዚያች ኬክ ግን ደረሰ። ሰው ሁሉ ስጦታው ምን እንደሆነ ያውቅ ስለ ነበር ዐይኑን ወደ መሬት ሰብሯል። ባልደረባዬ ንግግር ጀምራ ግማሽ ላይ ተወችው። ሬዲዮ ነበር ያሰብነው፣ ጋሼ፣ ግን… አለች፤ ከዚያም በጋዜጣ የተጠቀለለውን አቀረበችላቸው። ጋሼ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ጋዜጣውን ገለጥ አድርገው አዩት። ቴፑን ለምን እንደገዛነው፣ ሬዲዮውም የት እንደቀረ ያን ጊዜ ገባቸው መሰለኝ። ከዚያ እያንዳንዳችንን እየዞሩ ጨበጡ። ሊቀ መንበሩ ጋ ሲደርሱ እሱ ካኪውን እንደ ለበሰ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳማቸው። እንዲህ ያለውን ነገር ከእሱ አልጠብቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ በውይይት ክበቡ ቢጮህ እንኳ አልጠላውም።

ሲመሽ ሰው ተበተነ። ቢሮዬ ገብቼ ቦርሳዬን ሳነሳ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለውን በብብታቸው ይዘው። ምን ረሱ ብዬ ተነሣሁ። የረሱት ነገር የለም። ዘበኛው ይለፉ ብሏቸው ነበር፤ እሳቸው ያለ መውጫ ወረቀት አልወጣም ብለው ተመለሱ። ቅጽና ማኅተም ካላቸው ክፍሎች በዚያ ሰዓት ያልተዘጋው የእኔ ብቻ ስለሆነ ወረቀቱን የምሞላው እኔ ነኝ። የርስዎ እኮ ነው፣ ጋሼ፣ ማን ይጠይቅዎታል አልኳቸው። ይሁን፣ ሙዪልኝ አሉ።

ቅጹን አውጥቼ ጻፍኩ፤ አንድ ቴፕ፣ ባዶ። የንብረቱ ባለቤት የሚለው ቦታ ላይ «የመንግሥት» የሚለው ቀድሞውኑ ታትሟል፤ ሁልጊዜ የሚወጣው የመንግሥት ዕቃ ነውና። እሱን በመስመር ሰርዤ ከላዩ የእሳቸውን ስም ጻፍኩ፣ ማኅተም አደረግኩበት። አንብቢልኝ አሉ፤ መነጽራቸውን አላደረጉም ነበር። አነበብኩላቸው። ባለቤት የሚለውን ድገሚልኝ አሉኝ። ደገምኩላቸው።

«ይኸውልሽ፣ ልጄ» አሉ፣ «እስከ ዛሬ በእጄ ያለፈው ሁሉ የሰው ነበር።»

ወረቀቱን በአራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። በኮሪደሩ መስኮት ሳያቸው በሩ ጋ ቆመው፣ ዘበኛው እያፈረ፣ እሳቸው ግን ጋዜጣውን ፈትተው፣ ወረቀቱን አውጥተው፣ ዕቃቸውን ከስማቸው ጋር አስመረመሩ። ከዚያ መልሰው ጠቀለሉትና ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ወረዱ።